በጤፍ ማሳ ላይ ከተማ ያለሙት ወ/ሮ መንበረ ገብረ ኢየሱስ

ወ/ሮ መንበረ ገብረ ኢየሱስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ወንዱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺሀረግ ውብነህ፣ በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት በአምባሰል፣ ወደ ግሸን የሚወስደው መንገድ በሚያልፍባት አንዲት ትንሽ መንደር፣ ጥር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት ተወለዱ።

መንደራቸው ዓመቱን ሙሉ ጭር ያለች ነበረች። መስከረም ሲጠባ ግን የግሸን ተሳላሚ ከየአገሩ እየጎረፈ በየአጥሩ ሥር ያድርባታል፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም ወደየመጣበት ይመለሳል። ሕፃኗ መንበረ ያ ሁሉ ሰው ለመኖር የመጣ ይመስላቸው ስለነበር፣ ሲሄድ አምርረው ያለቅሱ እንደነበር እናታቸው ይናገሩ ነበር። አንድ ዓመት ከቤታቸው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ድንጋይ እየደረደሩ፣ በመካከሉም መተላለፊያ እየተዉ፣ ጉብታውን ሞሉት።

እናታቸው ወጥተው አዩና፣ «ማን ሊገባበት ነው ይህ ሁሉ ቤት?» ብለው ጠየቋቸው።

«እነሱ ሲመለሱ» አሉ ሕፃኗ።

በ1966 ዓ.ም. ያ ክፉ ቀን አምባሰልን ሲጎዳ፣ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ሐይቅ ወረዱ፤ በውኃው ዳር ባለው ደብርም በመሪጌታነት ማገልገል ጀመሩ። ወ/ሮ መንበረ ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ የቀለም ትምህርታቸውን በሐይቅ ከተማ ቀጠሉ። ነገር ግን በ1970 ዓ.ም. አባታቸው በድንገት ስላረፉ የቤቱ ሸክም በታላቅ ወንድማቸው በአቶ ተክለ ሃይማኖት ላይ ወደቀ። አቶ ተክለ ሃይማኖት ገና ሃያ አንድ ዓመታቸው ነበር። ድቁናቸውን ከእርሻ ጋር አስተባብረው፣ ከገበሬ ማኅበሩ የደረሳቸውን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን መሬት እያረሱ እናታቸውን ጦሩ፤ እህታቸውንም አስተማሩ። ዘመዶች «ሴት ልጅ ይህን ያህል ተምራ የት ልትደርስ ነው? ዳራት» ባሏቸው ቁጥር፣ «እሷ የምትደርስበትን እሷ ታውቃለች፤ እኔ የማውቀው ማረሱን ነው» ይሉ ነበር።

ወ/ሮ መንበረ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1975 ዓ.ም. አጠናቀው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ ወንድማቸው አንዱን ወይፈን ሸጠው ስንቅና ብርድ ልብስ ገዙላቸው። በ1978 ዓ.ም. በመሬት ቅየሳ በዲፕሎማ ተመረቁ። በመጀመሪያ በመንገድ ሥራ፣ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በውጫሌ፣ ከ1995 ዓ.ም. አንሥቶ ደግሞ በሐይቅ ከተማ በቀያሽነትና በከተማ ፕላን ባለሙያነት አገልግለዋል። በየክረምቱ እየተመላለሱ ተምረውም በ2001 ዓ.ም. በከተማ ፕላን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀብለዋል።

ከባለቤታቸው ከመምህር ሙላት ጋር የተዋወቁት በውጫሌ ነው። መምህር ሙላት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ማሽላው የታጨደበት ባዶ ማሳ መካከል አንዲት ሴት ቆማ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስትመለከት አዩ። አካባቢው ላይ ሰውም ከብትም አልነበረም። ጠጋ ብለው፣

«እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሉ።

«የለም» አሉ ወ/ሮ መንበረ። «መኪናው እስኪያልፍ ነው።»

መምህር ሙላት መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ሳቁ፤ ወ/ሮ መንበረም እንደ ነቃ ሰው አብረው ሳቁ። በዚያ ማሳ ላይ መንገድ ሊወጣ ታስቦ ኖሯል፤ እርሳቸው ግን ከሐሳቡ አልፈው መንገዱን ያዩት ነበር። በ1987 ዓ.ም. በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ፤ ኑኃሚንንና ምስክርንም ወለዱ። ልጆቻቸው አብረዋቸው በባቄላ ማሳ ሲያልፉ፣ እናታቸው ባልነበረ ማዕዘን ሲታጠፉ፣ ባልነበረ አደባባይ ሲዞሩ እየተከተሉ ነው ያደጉት። ሥራቸው ላይ ሲያጎነብሱ አምባሰልን ያንጎራጉሩ ነበር፤ ዜማው የሚቋረጠው ንድፉ አልሆን ሲላቸው ብቻ ነው።

ሐይቅ ከተማ በእነዚያ ዓመታት እንደ ሊጥ ኩፍ ትል ነበር። ከገጠር የሚመጣው ወጣት፣ ከዐረብ አገር ተመልሳ ቤት የምትሠራው ልጅ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል በክፍል ላይ ይቀጠል ጀመር። ሕዝቡ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ አዲሱ ቆጠራ ደግሞ ዛሬ ነገ ሲባል ቆየ። ለፕላኑ የሚያስፈልገው የሕዝብ ግምት ለወ/ሮ መንበረና ለሥራ ባልደረባቸው ለአቶ ጠሃ ተሰጠ። አቶ ጠሃ በድሮው ቆጠራ ላይ በየዓመቱ እየጨመሩ ማስላቱን መረጡ። ወ/ሮ መንበረ ግን በየቤቱ እየዞሩ እዚያ የሚያድረውን ሰው ይጠይቁ ነበር። ሕዝቡ ግብር የሚጨመርበት ስለሚመስለው ተከራዩን ይደብቃል። አንዲት አሮጊት፣ «ከእኔ ከባልቴቷ በቀር ማንም የለም ልጄ፤ ባዶ ቤት ነው» አሏቸው፤ በደጃፉ ላይ ግን የወጣቶች ጫማ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ ነበር። ወ/ሮ መንበረ ጫማውን አይተው፣ አሮጊቷንም አይተው፣ «እግዜር ያክብርልኝ» ብለው ወጡ።

በመጨረሻ የሁለቱ ግምት ተራራቀ። አቶ ጠሃ፣ «እትዬ መንበረ፣ ይህ እኮ ግምት ሳይሆን ሕልም ነው!» ቢሏቸው፣ «ግምትስ ቀን የሚታይ ሕልም አይደለም እንዴ?» ብለው መለሱላቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ በመካከል ተስማሙ። በየትኛውም ቢሰላ ግን ከተማዋ በነበረችበት ወሰን ልትበቃ አልቻለችም።

በ2010 ዓ.ም. ለውጡ ሲመጣ በየስብሰባው ወጣቱ ተነሥቶ የቤት መሥሪያ ቦታ ይጠይቅ ጀመር። የከተማዋን ወሰን የማስፋቱ ሥራ ተፋጠነ። ወ/ሮ መንበረ በየትኛው በኩል ይስፋ የሚለውን ለማየት ብዙ ወራት ደከሙ። በአንድ በኩል ውኃው አለ፤ በሌላው በኩል ተራራው ገትሮ ይዟል። ሜዳ ሆኖ ለመንገድም ለውኃ መስመርም የሚመቸው አንድ ወገን ብቻ ነበር። እዚያም ሜዳ መካከል የአቶ ተክለ ሃይማኖት ማሳ ነበረ።

ለኃላፊያቸው ቀርበው፣ «ይህ የወንድሜ መሬት ነው፤ የእኔ እጅ ባይኖርበት ይሻላልና ሌላ ሰው ይየው» አሉ። ሥራው ለአቶ ጠሃ ተሰጠ። አቶ ጠሃ በእግራቸው ሲዞሩ ሰነበቱና አንድ ቀን ቤታቸው ድረስ መጡ። የቀረበላቸውን ውኃ እንኳ ሳይጠጡ፣ «እትዬ፣ ብዞር ብዞር እዚያው ነው የገባሁት። አፉ ይበሉኝ» አሉ። ወ/ሮ መንበረ፣ «አንተ ምን አደረግህ? እኔም እኮ ያየሁት እሱን ነው» አሏቸው።

በ2011 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ለምክክር ተጠሩ። ወ/ሮ መንበረ፣ ወንድሜ ከሌላ ሰው አፍ አይስማው ብለው፣ ራሳቸው ተነሥተው ካርታውን አስረዱ። ካሳና ምትክ ቦታ እንደሚሰጥም ተነገረ። በመጨረሻ አቶ ተክለ ሃይማኖት በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ይህችን ልጅ ያስተማርኳት በዚህ መሬት ነው» አሉ ለጉባኤው። «ቀያሽ ትሁን ብዬ ተመኘሁ፤ ሆነችም። የእኔኑ መሬት ትቀይሳለች ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ፤ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። ወ/ሮ መንበረ፣ «ወንድምዓለም፣ በሌላ ሰው ማሳ ላይ ባርፍ ኖሮ ትቆጣኝ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ተክለ ሃይማኖት በትራቸውን አነሡ። «እሱን ነው የማላውቀው» አሉና ከአዳራሹ ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወንድምና እህት ተቆራረጡ። በአባታቸው ሙት ዓመት አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በአንዱ ደጅ፣ ሌላው በሌላው ደጅ ቆመው አስቀደሱ፤ ሰላም ሳይባባሉም ተለያዩ። በማሳው ዙሪያ የብረት ችካል ተተከለ፤ ሥራው ግን ስለዘገየ አቶ ተክለ ሃይማኖት እስከ ችካሉ ጠርዝ ድረስ ማረሳቸውን ቀጠሉ። ወ/ሮ መንበረ በዚያ በኩል ሥራ ሲኖራቸው ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ከሩቅ ይመለከቷቸዋል። ቀና ይሉ ይሆን ብለው ይቆማሉ። ወንድማቸው ግን ከሞፈሩ ላይ ቀና አይሉም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ደቡብ ሲገፋ፣ ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ በውጫሌ በኩል አልፎ ሐይቅን ሞላት። ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ ሞሉ፤ ሰው በዝናብ በአስፋልቱ ዳር ተቀመጠ። ወ/ሮ መንበረ ስንት ሰው እንደ ገባ እንዲገምቱ ታዘው ከአቶ ጠሃ ጋር ሲዞሩ ዋሉ። ጠዋት የገመቱት እስከ ቀትር ይፈርሳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያው ዝናብ ውስጥ ሲሄዱ፣ ከወንድማቸው ማሳ ውስጥ በሣር በተተወው ወገን ሸራ ተወጥሮ አዩ። አቶ ተክለ ሃይማኖት ልብሳቸው በስብሶ፣ የወሰኑን ችካሎች አንድ በአንድ እየነቀሉ ለሸራው ካስማ ይመቷቸዋል። በሸራው ሥር እናቶችና ሕፃናት ተኮልኩለዋል።

ወ/ሮ መንበረ ዝናቡ እየወረደባቸው ቆሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአፋቸው የወጣው ቃል፣

«ወንድምዓለም፣ ይህ እኮ የመንግሥት ችካል ነው!» የሚል ነበር።

አቶ ተክለ ሃይማኖት ቀና አሉ። «ሲያባራ መልሰሽ ትቸክይዋለሽ። አሁን ነይ፣ ይህን ገመድ ያዢልኝ» አሏቸው።

ወ/ሮ መንበረ ገመዱን ያዙ። በዚያች ቀን ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። ከዚያ ወዲያ ግን ወ/ሮ መንበረ ከሥራ ሲወጡ ወደ ማሳው እየሄዱ፣ በሸራዎቹ መካከል ውኃ የሚወርድበትን ቦይ አብረው ይቆፍሩ ነበር፤ ሸራውንም በረድፍ በረድፍ አስተካከሉት። አቶ ተክለ ሃይማኖት፣ «ይህም መንገድ ነው እንዴ?» ሲሏቸው፣ «ዋናው ነው» ይሉ ነበር።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። ተፈናቃዩም የከተማው ሰውም ወደ ኮምቦልቻና ወደ አዲስ አበባ ነጎደ። አቶ ተክለ ሃይማኖት ግን፣ «የደረሰ ጤፍ ጥዬ አልሄድም» ብለው ተቀመጡ። መምህር ሙላት ልጆቻቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ባለቤታቸውን እጅግ ለመኗቸው። ወ/ሮ መንበረም፣ «አንተ ልጆቹን አውጣልኝ። እኔ እሱን አንድ ጊዜ ትቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልተወውም» አሉ። ተላቅሰው ተለያዩ። ስልክም ተቋረጠ።

ስለዚያ ወር ወ/ሮ መንበረ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ተረት ይለሰልስ ነበር። ከማሳው ሆነው ሲያዩት ከከተማዋ ጭስ አይወጣም፤ መኪና አይሰማም፤ የውኃ ወፎች አስፋልቱ ላይ ይመላለሳሉ። ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ በቤቶቹ መካከል ሲገባ፣ በሮቹን እያንኳኳ የሚዞር ሰው ይመስላቸው ነበር። ሩቅ ተኩስ ሲሰማ ጤፉ ውስጥ ይተኛሉ፤ ጋብ ሲል ተነሥተው ማጨዳቸውን ይቀጥላሉ። ከሠላሳ ዓመታት በላይ እስክርቢቶ የያዘ እጃቸው በማጭድ ቆሰለ። ወንድማቸው፣ «አንቺማ ጤፉንም ትቀይሽዋለሽ እንጂ አታጭጅውም» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

ከተፈናቃዮቹ መካከል አንዲት ከቆቦ የመጣች አሚናት የምትባል ወጣት ሴት ቀርታ ነበር። የመውለጃዋ ቀን ስለደረሰ መሄድ አልቻለችም፤ ባሏ ሙዘይንም በመንገድ ላይ ጠፍቷት ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ በአቶ ተክለ ሃይማኖት ቤት ምጥ ያዛት። ሐኪም የለም፤ አዋላጅ የለም። አቶ ተክለ ሃይማኖት ውጭ ቆመው ዳዊት ይደግማሉ፤ ውስጥ አሚናት «ያ አሏህ» ትላለች፤ ወ/ሮ መንበረ የእመቤታችንን ስም እየጠሩ ሕፃኗን ተቀበሉ። ሴት ነበረች። ስህን ተባለች።

ወ/ሮ መንበረ ሕፃኗን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ደጅ ወጡ። ከፊታቸው ጭር ያለችው ከተማ ተዘርግታለች። ስንቱ እንደ ሄደ፣ ስንቱ እንደ ቀረ፣ ስንቱ እንደ ሞተ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ወንድምዓለም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስገምት ኖርኩ» አሉ። «ዛሬ ግን አንድ ሰው እንደ ጨመርን እርግጠኛ ነኝ።»

አቶ ተክለ ሃይማኖት መዝሙረ ዳዊታቸውን አጥፈው ሕፃኗን ተመለከቱና መስቀላቸውን ሊያሳልሟት እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፤ ግን መለስ አሉና፣ «ሀቋን ለእናቷ እንተው» ብለው በግንባሯ ላይ እፍ ብለው መረቋት።

ጤፉ ታጨደ፤ ከተከመረበት ተወቅቶ፣ ሸሽተው ያልሄዱት አረጋውያን ጭምር ቀመሱት። በታኅሣሥ ወር ከተማዋ ነፃ ሆና ሰው መመለስ ሲጀምር፣ መምህር ሙላት በእግራቸው ከደሴ ድረስ መጡ። ባለቤታቸውን ያገኟቸው አውድማ ላይ፣ በእብቅ ተሸፍነው፣ ሕፃን አዝለው ነበር። «ይህችስ የማን ናት?» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «የሐይቅ ናት» አሉ ወ/ሮ መንበረ። ሙዘይንም በጥር ወር ባለቤቱን ፈልጎ አገኛት፤ ቤተ ሰቡም በዚያው ኑሮውን መሠረተ።

ወ/ሮ መንበረ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ የከተማዋ የሕዝብ ግምት እንደገና እንዲሠራ ተጠየቀ። በአንድ ስብሰባ ላይ፣ ወደ ቀዬአቸው ያልተመለሱት ተፈናቃዮች በግምቱ ይግቡ አይግቡ የሚል ክርክር ተነሣ። አንድ ተሰብሳቢ፣ «ነገ የሚሄድን ሰው ዛሬ ለምን እንቈጥራለን?» አሉ። ወ/ሮ መንበረ በተቀመጡበት ሆነው፣ «እስኪሄዱ ድረስ ውኃ አይጠጡም?» ብለው ጠየቁ። በግምቱ እንዲገቡ ተወሰነ፤ አዲሱም የውኃ መስመር እነርሱ ወደሚኖሩበት ወገን ተዘረጋ።

ወሰኑ ግን አልተቀየረም። በ2015 ዓ.ም. ግሬደሩ ማሳው ላይ ሲገባ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ቆመው ተመለከቱ። የጤፉ ቃርሚያ ከአፈሩ ጋር ተገለበጠ። አቶ ተክለ ሃይማኖት ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና፣

«የቱ ጋ ነው መንገዱ የሚያልፈው?» አሉ።

ወ/ሮ መንበረ ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው አሳዩአቸው።

«ሰፊ ነው» አሉ አቶ ተክለ ሃይማኖት። ቆይተውም፣ «ይሁን፤ ሰው ይለፍበት» አሉ።

አቶ ተክለ ሃይማኖት ከመንገዱ ዳር በተሰጣቸው ምትክ ቦታ ቤት ሠርተው ዛሬ በዚያ ይኖራሉ። ወ/ሮ መንበረ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእርሳቸው ቤት ይውሉ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወ/ሮ መንበረ በጉበት ሕመም ታመሙ። መንገዱ እየተከፈተና እየተዘጋ አስቸጋሪ በነበረበት በዚያ ወቅት፣ በደሴና በአዲስ አበባ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ስላሉ ወደ ሐይቅ ተመለሱ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ብዙ ያንቀላፉ ነበር። ከእንቅልፋቸው ሲነቁም ያዩትን ሕልም ለባለቤታቸው ይነግሯቸዋል። አንድ ጠዋት ፊታቸው ፈክቶ ነቁ።

«ትልቅ ከተማ አየሁ» አሉ። «ሰዉ ብዙ ነው፤ ግን አይጋፋም። ስሄድ ዋልኩ፤ አልደከመኝም።»

መምህር ሙላት፣ «ንድፉን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አሏቸው።

«እኔ የለሁበትም» አሉ ወ/ሮ መንበረ ፈገግ ብለው። «ማን እንደ ሠራውም አልጠየቅኩም። ግን እንዴት ደስ ይላል መሰለህ።»

ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው በዙሪያቸው እንዳሉ፣ ረቡዕ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወ/ሮ መንበረ ገብረ ኢየሱስ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። ባለቤታቸው መምህር ሙላት፣ ልጆቻቸው ኑኃሚንና ምስክር፣ አባት ሆነው ያሳደጓቸው ወንድማቸው አቶ ተክለ ሃይማኖት፣ እንዲሁም እንደ ልጃቸው የሚያዩአት አሚናት፣ ባለቤቷ ሙዘይንና ሕፃኗ ስህን ዛሬ በሐዘን ቆመዋል። በሕመማቸው ወቅት ሳይሰለቹ ለጠየቋቸው፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥተው በዚህ ደብር ለሸኟቸው ክርስቲያንና ሙስሊም ወዳጆች ሁሉ ቤተ ሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል፤ እግራችሁ ለደስታ ይምጣ።

ልዑል እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ ድካም ወደሌለበት ከተማ ያስገባልን፤ በዚያም ከሚኖሩት ጋር ይቍጠርልን። ለቀረነው ሁሉ መጽናናትን ይስጠን። አሜን።